መካከለኛ ዳገት

«ዳገት ውጪ» አላት ሐኪሙ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣
«ግን መካከለኛ ይሁን፤ ልብሽ እንዳይሮጥ ቀድሞሽ ቸኩሎ።
በየመሐሉ ማረፊያ ጎጆ ካለበት፣ እሱን ምረጪ፤
አረፍ በዪ፣ ትኩስ ነገር ቅመሽ፣ ደግሞ ተነሺና ውጪ።»

የተማረበት አገር ተራራ ሳይኖረው አልቀረም መሰለኝ፤
እኔ «ጎጆ» ሲል የዘበኛ ቤት ብቻ ትዝ አለኝ።

ስንዱ ነገር አታጓትትም። በነጋታው ቅዳሜ
የልጃችንን ኮፍያ ደፍታ «ተነሳ!» አለችኝ፣ ገና ሳልነቃ ከሕልሜ።
ተራራችን ቸርችል ጎዳና ነው፤ ግርጌው ለገሃር፣ ጫፉ ፒያሳ።
ሠላሳ አራት ዓመት ቀያሽ ነበርኩ፣ በሰው ድንበር ስወድቅ ስነሳ፤
ይህን ዳገት ግን በትንፋሽ ለክቼው አላውቅም።
ዛሬ ሜትሬ እሷ ነች፤ ስትቆም እቆማለሁ፣
ቀይ እርሳሴን አውጥቼ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ጎጆ የአንዋር ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣
ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሸራ፣ በሽቦ ተገምዶ።
ሻይ በሎሚ። ሳምቡሳ በምስር፤ አራት ገዛን፣ ሦስት በላን።
«ወዴት ነው በጠዋቱ?»
«ተራራ ልንወጣ» አለች ስንዱ።
ዞሮ ወደ ላይ አየ፤ አስፋልት፣ ሚኒባስ፣ ጭስ።
«እንግዲያው ስኳር ልጨምር፤ ሩቅ ነው መንገዱ።»

የብሔራዊ ቴአትሩ የድንጋይ አንበሳ፣ እሱ ምን አለበት፣
ዕድሜ ልኩን ቁጭ ያለ፣ «ተነስ» የሚል ሐኪም የሌለበት።

ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ የጀመረችውን ወሬ አቋረጠች።
ስንዱ! ወሬ!
እጄን ፈልጋ ያዘች።
የመኪና ጠባቂው ወርቅያንሳው ከብረት ዳሱ ብቅ አለ፤
«እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ በርጩማውን በክንዱ ወለወለ።
(«እማማ»ውን አልወደደችውም። በርጩማውን ግን ወደደችው።)
ጎጆው አንድ ሰው ያቆማል፣ ግማሽ ሰው ያስቀምጣል፤
የደረሰኝ ጥራዝ፣ የዝናብ ካፖርት፣ የዓምናው ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል።
ሻይ የለውም፤ ጥላ አለው፤
«በነጻ ነው፤ መኪና ብትሆኑ ነበር የማስከፍለው።»

የጥቁር አንበሳን አጥር ስናልፍ ፊቷን አዞረች፤
አሥራ ሦስት ሌሊት እዚያ ተኝታ ጣራውን ቆጥራ ጨርሳለች።
እኔ አንገቴን አቅንቼ መስኮቷን ስፈልግ፣
«እግርህን እያየህ ሂድ» አለች።

ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ዳገቱ እውነቱን ይናገራል፤
ሚኒባሱ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ሰው ዝም ይላል።
«ሦስተኛው ጎጆ የእልፍነሽ ሻይ ቤት ነው» አልኳት፣ «ትንሽ ቀረሽ፤
ያቺ የጥግ ጠረጴዛ፣ ቀጥሬሽ አንድ ሰዓት አርፍደሽ የመጣሽ።»
«አርባ ደቂቃ ነው» አለች፣ በሁለት ትንፋሽ።

ደረስን።
ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር። ከአጥሩ በላይ ሰማይ።
ሰፈሩ እንደተነሳ አውቅ ነበር፤
ጆሮዬ ሰምቷል፤ እግሬ ግን አልሰማም ነበር።

ቆምኩ። የድሮ ሥራዬ ተነሳብኝ፤
ከመብራት ምሰሶው ሰባት እርምጃ፣ ከቦዩ ክዳን ሁለት። አልጠፋብኝም፣ አልጠፋብኝ።
«እዚህ በሩ። እዚህ ባንኮኒው።
አንቺ አሁን የቆምሽው
ጠረጴዛችን ላይ ነው።»
ስንዱ ደንገጥ ብላ አንድ እግሯን አነሳች፣
ስኒ እንዳትሰብር።
ከዚያ ለአጥሩ
«ሁለት ማኪያቶ፣ አንዱ ነጣ ያለ» ብላ አዘዘች።

ከሃይላንዱ ውሃ በክዳኑ ቀዳሁላት።
ዘበኛው መጣ፤ «እናት፣ እዚህ መቆም አይቻልም።»
«ጨርሰናል» አለችው፤ አራተኛዋን ሳምቡሳ ከቦርሳዋ አወጣች፣
«ጉርሻህ ነው» ብላ እጁ ላይ አኖረች።

ቁልቁለት ጉልበት ይበላል፤ ሐኪሙ ይህን አልነገረንም።
«ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል ወያላው።
ሁለት ነን። ተጠጋግተን ገባን።
ማስታወሻዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፦
መነሻ፣ ለገሃር። መድረሻ፣ ፒያሳ።
ዳገት፣ መካከለኛ።
ማረፊያ፣ ሁለት ተኩል።

ስንዱ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበች።
«ግማሹ የትኛው ነው?» አለች።
እስከ ለገሃር አልተስማማንም።