የማዕዘኑ ዱቤ

ሞንቴቪዴዮ ላይ፣ ከወደቡ ማዶ፣
የኤውሴቢዮ ሱቅ፣ አበቃለት ተንዶ።
በሩ ጠርዝ ላይ ነበር፣ ሁለት መንገድ የሚያይ፣
ሲዘንብ ባልዲ ይሰቅል፣ ከዱቄቱ በላይ።
አልዋሽም፤ አርጅቶ፣ አይጥ ነግሦበታል፤
አላለቀስኩለትም፤ ከአይጥስ ሰው ይሻላል።

ስምንት ቤት ተሰካ፣ በአሮጌዎቹ መሃል፤
እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አያምም፤ ያኝካል።

ሲያፈርሱ ከግንቡ፣ አንድ መዝገብ ወጣ፤
አይጥ የተወው ገጽ ላይ፣ የእናቴ ስም መጣ፦
“ኔሊዳ፤ ስኳር፣ ጋዝ፣ ሁለት ፍሬ ሳሙና፤
ስትችል ትከፍላለች፤ ልጇ ታማለችና።”

ሦስተኛው ፎቅ ዛሬ፣ የእኔ ነው፤ የባንኩም፤
ሠላሳ ዓመት ነው፣ ቢከፍሉት አያልቅም።
አንድ ቀን ባዘገይ፣ ደብዳቤ አይቀርም፤
“ልጇ ታማለች” ለሚል፣
ቅጹ ላይ ቦታ የለም።