የአበጋዝ ደንበኛ

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ አያንኳኳም በር፣
በስንጥቅ ገብቶ ነው አልጋ ላይ የሚያድር።
«ከሰል ይቅርባቸው» ብሎ ሐኪሙ እናቴን ካዘዘ፣
ክረምት ከበጋ ቤታችን በጋዝ እጅ ተያዘ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲሊንደር ያመጣልን አበጋዝ ይማም ነው፤
ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ የቆርቆሮ በሩ ሰማያዊ ቀለም ያለው።
ስሙን ሲያወጡለት ንግዱን በሕልም አይተው ይሆን፣ እንጃ፤
ቀልድ ሲበዛበት ይቆጣል፦ «የጦር ስም ነው እንጂ አይደለም የምድጃ!»
ዱቤ ይጽፍልናል በሲጋራ ካርቶን፤
የአስተማሪ ደሞዝ ያውቃል የሚያልቅበትን ቀን።

ዘንድሮ ግን ጋዙ ወር አልደርስ አለ፤
በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሰማያዊው ሸሽቶ ቢጫው ብቻ ዋለ።
ጦይባ ጎረቤቴ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«ዓይንሽ የት ሄዶ ነው? ኪሎ እየጎደለ ምን ያደርጋል ዋጋ!
ከኮምቦልቻ የሚመጣ ልጅ አለ፣
ሐረጎን ወጥቶ ደጅሽ የሚያወርድ፣ ሚዛን ያንጠለጠለ።»

ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ፣ በማለዳ ተነሣሁ፤
አዲስ የገዛሁትን ሲሊንደር በጋሪ ጭኜ
ሽንኩርት ሻጩ ሙሄ ሚዛን ላይ አወጣሁ።
አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት ቁጥር
ቀነስኩ (የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ምን ይቸግር)፤
ኪሎ ተኩል ጎደለ።

ኪሎ ተኩል በአሥራ ሁለት ወር፣ በአሥራ አንድ ዓመት አባዛሁት፤
መቶ ዘጠና ስምንት ኪሎ እሳት! ለእናቴ አልነገርኳት፣ ዋጥኩት።

ከዚያ ኢዘዲን መጣ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ መያዣ ተቀብሎ፣
«እማማ፣ ሞቀዎት?» እያለ፣ ሙሉውን ተክሎ ባዶውን ነቅሎ።
በሲሊንደር ሁለት መቶ ብር ይቀንሳል፤
ሲመዝን ደግሞ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፦ የአበጋዝን ባዶ መመለስ።
ሚስቱን የሚፈታ ሽማግሌ አለው፤
ሠራተኛ ያሰናበተ ይገላገላል ደብዳቤ ጽፎ፤
ደንበኛውን የፈታ ሰውስ ምን ይላል
በዚያ ሰማያዊ በር አልፎ?

«ልንቀይር…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም።
መያዣዬን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ለምን አላለኝም።
ካርቶኑ ላይ ስሜን በእስኪርቢቶ ሰርዞ ሲያበቃ፣
«የማሞቂያሽ ጎሚኒ ተቀይሮ ያውቃል?» አለኝ እንደ ዋዛ።
«ኧረ የለም።»
ከቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የሕፃን ቀለበት የምታክል
ጥቁር ጎማ አውጥቶ መዳፌ ላይ ጣላት።
«አሮጌውን ከመንቀልሽ በፊት የሳሙና አረፋ ቀቢበት፤
ከተነፋ፣ ጋዝሽን የሚጠጣው እሱ ነው።»
ሒሳቧን ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ጀርባውን ሰጠኝ፤
ባዶዬን ወደ ጓዳ እያንከባለለ ሄደ።

ማታ ቀባሁት።
አረፋው ተነፋ፣ እንደ ሰው ዓይን ፈጦ አየኝና
ፈነዳ።

እሺ፣ የቀን ተቀን ማለቁ የጎሚኒው ነው እንበል፤
ገና ያልተከፈተው ሲሊንደር ታዲያ በምን ይጎድል?
ደግሞስ የሙሄን ሚዛን ማን መዝኖት ያውቃል?
አንድ ኪሎ የታሸገ ስኳር ይዤ ሄጄ ላጣራ ብዬ
ሁለት ጊዜ ነጠላዬን አንሥቻለሁ፤
ሁለቴም ስኳሩን ቀድጄ ሻይ አፍልቻለሁ።

ኢዘዲን እስከ ዛሬ በየወሩ ይመጣል። አልተመለስኩም።
በሁለት መቶ ብሩ የእናቴን መተንፈሻ መድኃኒት እገዛለሁ፤
ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ግን በላይኛው ዳገት፣
በጭቃው በኩል እዞራለሁ።

እናቴ፣ ጉሙ መስኮቱን ሲሞላው፣ ወደ እሳቱ ጠጋ ብላ፣
«ያ ልጅ አበጋዝ ድምፁ ጠፋ» ትላለች፤ «ደኅና ነው?»
«ደኅና ነው» እላለሁ፣
የማሞቂያውን ቁልፍ አንድ ነጥብ
ዝቅ አድርጌ።