ሦስት ምሥጢር

እናቴ መሬቷን በሜትር አታውቅም፤
ስንት ጥማድ ይሆን ብላም አትጠይቅም።
የእሷ ልክ ሌላ ነው፤ በጣቷ ሲያልፍ ዐሥር
የመቁጠሪያ ፍሬ፣ ያ ነው አንድ ምሥጢር።
አንዱ ከበረቱ እስከ ሾላው ጥላ፣
አንዱ የሽምብራውን ማሳ ተከትላ፣
ሦስተኛው ሲያበቃ ውሃው ይሰማል፤
ጀሪካኗ ሲጠልቅ «አሜን» ያለ ይመስላል።

ዲንቂቱ ነው ስሟ፤ አጋታ ያሏት
የሚሲዮኑ አባ ናቸው ያጠመቋት፤
ሰፈሩ «ካቶሊኳ» ሲል ነው የሚጠራት።
ለሞሲሳ ስትዳር ባሥራ ስድስት ዓመቷ
አንዲት ጊደርና ይህ መቁጠሪያ ሀብቷ።
ሁለት ፍሬ ወድቆ ጭቃው ቢበላባት
ለአባ አልነገረች፣ ማንም ሌላ አልገዛላት፤
ሽምብራ ዘፍዝፋ፣ በወስፌ ወግታ
ከእንጨቱ መሃል አስገባች ተክታ።

ሞሲሳ ሣቂ ነው፦ «እስቲ ይህች ማርያምሽ
አንድ ቀን እንኳ ላሟን ትለብልሽ!»
«ይኸው እያለበች! የማን እጅ መሰለህ?»
ስትለው ዝም ይላል፣ ጥጃውን ይይዛል።
ኋላ፣ ሊሞት ሲል፣ ያንኑ እጅ ያዘ፤
«እሷ ናት?» አለና፣ ሳይመልሱለት ፈዘዘ።

ስምንት ወልዳ ነበር፤ ሦስቱን አፈር ወሰዳቸው።
ማክሰኞና ዓርብ፣ የሕማሙን ስትደግም፣
ሦስት ቦታ ላይ ትንሽ ትዘገያለች።
እኛ ከኋላዋ፣ ጥጃ የምንነዳ ልጆች፣
ለምን እንደቆመች አናውቅም፤ እንገፋታለን።

እሑድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው ጭቃው፤
ደጁ ላይ ታጥባ ነው ጫማው የሚጠልቀው።
ስትመለስ ደግሞ አውልቃ፣ በጉያዋ።
ያ ጫማ መንገድ ሳያውቅ አረጀ።

ከዚያ ኮዬ ላይ ሰዎች መጡ፤
ቆብ ያደረጉ፣ ባለ ሦስት እግር መነጽር የሚያቆሙ።
የቀን ሥራ አገኘሁ፤
የሜትሩን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነኝ፣ የገዛ ልጇ።
ለአባ ተናዝዣለሁ። ኃጢአት አይደለም አሉኝ፤ አልቀለለኝም።
እርጎ ይዛ ወጣች፣ ለሁሉም ቀዳች፤
«ስንት ነው፣ እማማ፣ ይዞታዎ?» ሲላት
«ሦስት ምሥጢር» አለች።
ልጁ እስክሪብቶውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፤
ለዚህ የሚሆን ዓምድ ቅጹ ላይ የለም።

ካሣው ለአምስት ሲካፈል ቶሌራ ባጃጅ ገዛ፣
ሌንሳ አንድ ክፍል ቤት፣ እኔ... ተዉት የእኔን።
ሾላው የነበረበት መድኃኒት ቤት ሆነ፤
ሽምብራው ላይ ሕንፃ ቆመ፣ ባለ አራት ፎቅ፣ ቁጥሩ አርባ አንድ፤
ወንዙ ከአጥር ኋላ ቀረ።
እሷ ግን ማለዳ፣ በረቱ ከነበረበት ተነስታ
ትሄዳለች። ዘበኛው መጀመሪያ «እብድ ናት» አለ፤
ሲሰነብት ወንበር ያወጣላት ጀመር።
አጥሩን ስለምትዞር ሦስቱ ምሥጢር አምስት ሆነ፤
አንድ ማታ ገብታ ነገረችን፣ ፊቷ በርቶ፦
«መሬቱ ሰፋልኝ።»

ዕድሜዋን ማንም አያውቅም። አባ ዘጠና አንድ ብለው ጻፉ።
መቁጠሪያውን እጇ ውስጥ ሊተዉት ሲሉ
ሌንሳ ነጥቃ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።
ያ ሁሉ ማሳ ካፈራው
የቀረው ሁለት ፍሬ፣ እዚህ ክር ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሞከርሁ።
ከበረቱ ተነሣሁ፣ ማለቴ ከባጃጅ ማቆሚያው፤
«ጸጋ የሞላሽ» እያልሁ ቁጥሩ ይምታታብኛል፣
አንዴ ዐሥራ ሦስት፣ አንዴ ስምንት።
አርባ አንድ ቁጥር ጋ ስደርስ ቆምሁ።
አዲሱ ዘበኛ መጣ፦ «ማንን ፈልገህ ነው?»
«ማንንም» አልሁት።
«ሽምብራው ላይ ደርሼ ነው።»