ጆሮ የሌለው ሶኬት

ሦስት ሶኬት ተደርድሯል በእማዬ ጠረጴዛ፣
ይጋል ነው፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ከሃይፋ የገዛ።
ነጭ ናቸው ሦስቱም፣ ሲያዩአቸው መንትያ፣
እነሱን መለየት ሥራው ነው የባለሙያ።

ሰው ቤቱን ከውጭ ያውቃል፣ በቀለም በበሩ፣
እኔ የማውቀው በሽቦው ነው፣ በደም ሥሩ።
ይኼ የአፉላ ሕንፃ የስድሳዎቹ ሥራ፣
ሽቦው ጨርቅ የለበሰ፣ ሲነኩት የሚያስፈራ።
ጣቴን ሰድጄ ለካሁ፤ ሳጥኑ አራት ሳንቲ አይሞላ፣
ብልሁ ሶኬት ሆዳም ነው፣ እንደ ሰርገኛ የበላ።

የመጀመሪያው ርካሽ። ማብራት ስትፈልግ ባሕር ማዶ
«ላብራ ወይ?» ብሎ ይልካል፣ እዚህ ቤቱ በርዶ።
ኢንተርኔት የጠፋ ማታ፣ ጌታው እንደ ሞተበት፣
ቀይ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ሎሌ ሆኖ ያለ ቤት።

ሁለተኛው ጨዋ ነው፣ ባሕር አያሻግርም፣
ከጓዳ እስከ ሳሎን ነው፣ ወሬው ከቤት አይወጣም።
አምና የቀጠሉት መጠለያ ግን፣ ማማዱ፣ ድፍን አርማታ፣
ለሮኬት ተሠርቶ ወሬውንም ረታ።
የእማዬ አልጋ እዚያ ነው፤ ሳይረን ቢጮህ በድንገት
የት ትሮጣለች? በየትኛው ጉልበት?

ሦስተኛው ውዱ ነው፣ ቆጣሪ ያለበቱ፤
በትልቁ «አሥራ ስድስት አምፔር» ይላል ፊቱ፣
ጀርባው ላይ በደቃቁ «አሥር» ይላል እውነቱ።
ማሞቂያ ብሰካበት በጥር ብርድ፣ በሌሊት፣
ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ አይቻለሁ በጎረቤት።

እማዬ ትርንጎ ሁለተኛውን አነሣች፣
እንደ እንቁላል ወደ መስኮቱ ይዛ አየች።
«ይኼ ይሰማል?» አለች።
«እሱ አይሰማም፣ እማ። ያቺ ክቧ ማጉያ
ትሰማና ትነግረዋለች፣ ከመደርደሪያው ወዲያ።»
«አሃ፣ አንዷ ሰሚ፣ አንዱ ታዛዥ። ሰንበትስ ሲገባ?»
«ሰዓት ይሞላለታል፣ ያበራል ሳይነካ።»
«ሰዓቱን አላልኩህም፤
ጆሮዋን ትዘጋለች ወይ?» ዝም አልኩ። መልስ የለኝም።
«ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ስሰማ የኖርኩት
ምሳሌ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሱቅ ነው የሚሸጡት!»

ተናድጄ ደወልኩ፦ «ምን አስገዛህ ይኼን ሁሉ?»
ይጋል ቆየ። ከኋላው መኪኖች ይጮኻሉ።
«የሳሎኑ ሲበራ ጠዋት፣ በስልኬ አያለሁ፣
እማ ተነሣች ብዬ ሥራዬን እጀምራለሁ።»
ንዴቴ ወዴት ገባ? ለካ ልጁ የሚገዛው
ሶኬት አይደለም፤ እንቅልፍ ነው።

ሳጥኑን በመሮ አሰፋሁ፣ አቧራው ጢሜን አነጣ፣
ጨርቅ ለባሹ ሽቦ ወጣ፣ አዲሱ በቦታው መጣ።
ሁለተኛውን መረጥኩ፦ ለሳሎን፣ ለጓዳ፣ ለመተላለፊያው፣
ማጉያዋን ግን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት፣ ያቺን ሰሚ። ለማን ልስጣት እንጃ።

ቀረ የአልጋዋ ራስጌ። መጋረጃውን ገለጥኩ፣
የኦክስጅኑን ማሽን ትንፋሽ አዳመጥኩ፤
ጥሽ ይላል፣ ያርፋል፤ ጥሽ ይላል፣
በቀጭን ቱቦ ወደ እናቴ አፍንጫ ይሄዳል።
ብልህ ነገር ያስባል፤ የሚያስብ ደግሞ ይረሳል፣
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት «ልታደስ» ብሎ ይጠፋል።
ትንሿን ሲሊንደር አስጠጋሁ፣ ለአሥር ደቂቃ እንድትሆናት፣
ከመኪናዬ አንድ ተራ ሶኬት አመጣሁላት፣
የአሥራ ሁለት ሸቀል፣ ደነዝ፣ ሦስት ቀዳዳ ብቻ፣
የመሬት ሽቦውን ሁለቴ አጠበቅኩ በካቻቢቴ ጫፍ፣ በቀስታ።

ይጋል ማታ ደወለ፦ «አንዱ በስልኬ አይታይም።»
«አዎ» አልኩት። «አይታይም።»

«ይኼኛውስ ምን ያውቃል?» አለች እማ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
«ምንም አያውቅም።»
«እሰይ» አለች። «ይቀመጥ።»