ካልተያዘ ግብረ አበሩ ጋር

ሰኔ ነው ደሴ ላይ፣ ጦሳ ጉም ለብሷል፤
ከችሎቱ ደጃፍ ባለጉዳይ ሞልቷል።
«ሙሄ አራጋው!» ሲሉ ከአግዳሚው ተነሣሁ፣
የሰኞ ገበያ ተሸካሚ አይደለሁ? ጎንበስ ብዬ ገባሁ።
«ቀና በል!» አለኝ ፖሊሱ፤
የጀርባዬን ነገር ከየት ያውቃል እሱ?

ዐቃቤ ሕጉ ቆመ፤ ክሱ ተነበበ፦
«ተከሳሽ፣ ካልተያዘ ግብረ አበሩ ጋር፣
የማይገባውን ጥቅም ለማግኘት አስቦ፣
ከሌሊቱ በግምት ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን
አንድ ኩንታል ምስር…»

ኩንታሉን ዐውቃለሁ፤ ትከሻዬ ይመስክር።
«ግብረ አበር» ግን ማነው? የማን ልጅ ነው እሱ?
በስተርጅና ጓደኛ ሰጡኝ በክሱ።

ጠበቃ መግዣ የለኝ፤ መንግሥት ያቆመልኝ
ጦይባ የምትባል ቀጭን ልጅ መጣችልኝ።
ከኮሪደሩ ጥግ፣ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር፣
ወረቀቱን ዘርግታ ታስረዳኝ ጀመር፦
«ጋሽ ሙሄ፣ ክስ ማለት እንደ ጆንያ ነው፤
አፉን ሳይፈቱ አይሸከሙትም። እንፍታው።
ምስሩ የሰው ነው?»
ነው።
«ወስደዋል?»
ወስጃለሁ።
«የራስዎ ሊያደርጉት አስበው ነው?»

ዝም አልኩ።
ስለ ሐሳቤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤
ተሸካሚ «ስንት?» እንጂ «ምን አሰብክ?» አይባልም።

ምስክር ቀረበ፤ ይመር፣ የጎረቤት መጋዘን ዘብ።
«በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው፣ አይቶኛል፤
እንዲያውም ያን ንጋት ሰላም ብሎኛል።

ጦይባ ተነሣች።
«ሲያዩት ይሮጥ ነበር?»
«ኩንታል አዝሎ ማን ይሮጣል፣ እቴ!»
ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛው ጠረጴዛውን መታ።
«በየት በኩል ሄደ?»
«በፖሊስ ጣቢያው ፊት።»
«ከዚያስ?»
«ከመኪናው አጠገብ አወረደ። ያ ጎረምሳ አልከፈለውም መሰለኝ፣
‹ሠላሳ ብሬን! ሠላሳ ብሬን!› እያለ
ሲከተለው ሰምቻለሁ።»

«ሠላሳ ብር» አለች ጦይባ፣ ቀስ ብላ።
የዳኛው ብዕር ወረቀቱ ላይ ሮጠ።
አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር፣ ከንፈሯ ላይ አየሁት፤
ሌባ የሰረቀውን በኪራይ ይሸከማል ወይ የሚል፤
ሳትጠይቀው ተቀመጠች።

ዕድሜዬን ሙሉ ያፈርኩበት፣
ሚስቴ እንኳ «ለሳንቲም አትጩህ» ያለችኝ፣
ያ ጭቅጭቄ ዛሬ
ዋሴ ሆኖ ቆመ።

ለብይን ተቀጠረ፤ ለሰኔ ሃያ ሁለት።
እከላከላለሁ ወይ በነጻ እሄዳለሁ፤
እስከዚያው ዝናብም ቢሆን ገበያ እወርዳለሁ።
ግብረ አበሬ ዛሬም አልተያዘም፤
ባየሁት ጎረምሳ ፊት ሁሉ እፈልገዋለሁ።

ትናንት አንዲት ሴት ሽንኩርት ተሸከምልኝ ብትል
«የማን ነው?» አልኳት።
ገላምጣኝ ሌላ ሰው ጠራች።
ዛሬም ሦስቱን ጠየቅሁ፤ ሁለቱ ሰድበውኝ ሄዱ።
ሦስተኛው ግን ቆመ፤ አየኝ፤
«የእኔ ነው» አለ፣ ስሙንም ነገረኝ።
ጎንበስ አልኩለት።