የሮብሌ መዶሻ

አባቴ ሮብሌ፣ የሽማንደፈር ሰው፣
ሠላሳ አራት ዓመት ጆሮው ነው ያኖረው።
ማታ ማታ ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ፣
ፉርጎውን በፉርጎ፣ ጎንበስ ቀና ሲያዳርስ፣
አንድ ጎማ፣ አንድ ምት፤ ቀጥሎ ዝም ይላል።
እንደ ቃጭል ካለ፣ "ሂድ" ብሎ ያልፈዋል፤
ድፍን ካለ ደግሞ ኖራ ይቀባዋል፦
"ከውስጥ ተሰንጥቋል።"
ላዩ ሳይጫር እንኳ፣ ዓይን ሳያይ ምኑን፣
በድምፅ ያውቅ ነበር የብረት ሕመሙን።

እኔ ልጁ ሂቦ ባሕር አንኳኳለሁ።
ከዚራ ጥላ ሥር ይህንኑ ብላቸው፣
"አቦ ተይና!" አሉ፣ ሳቅ አፈናቸው።
"ድሬ የት፣ ባሕር የት?
ደቻቱ እንኳ ራሱ አሸዋ በሆነበት!"

መርከባችን ታጁራ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤
ስድስት ኪሎ ሜትር ገመድ ከኋላዋ ትጎትታለች፣
ጆሮ ብቻ የታሰረበት።
በየዐሥር ሴኮንዱ የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ይፈነዳል፣
ዱም!
ድምፁ ይወርዳል።
ደለሉን ሲነካ ጥቂቱ ይመለሳል፣
የቀረው ይጠልቃል፤
ከሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ
ኮስተር ብሎ፣ ዘግይቶ ይመልሳል።
ገደል ማሚቶ ናት።
የተራራዋ እኅቷ የጠሯትን ትደግማለች፤
ይቺ የባሕሯ ግን
ያየችውን ትጨምራለች።
አራት ሴኮንድ ነው ወሬዋ። ከዚያ ወዲያ ዝምታ።
ከዚህች አራት ሴኮንድ ነው የምንሥለው
ሸለቆውን፣ ተረተሩን፣ ምድር የተቀደደችበትን ቦታ።

ባለፈው ረመዳን ጥቅሉን ወረቀት ይዤለት መጣሁ።
አባቴ አሁን አይሰማም፤
ያበላው መዶሻ ዋጋውን ከጆሮው ቆርጧል።
ሳቢያን፣ ቤታችን፣ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፣
አንዱን ጫፍ በሰሃን፣ አንዱን በነጠላ ጫማ አስያዝኩት።
ጥቁር መስመር፣ ነጭ መስመር፣ እንደ ሽርጥ ጥለት።
ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። በምን ልንገረው?
መነጽሩን ፈልጎ፣ ጉልበቱን እያማረረ ተንበረከከ፣
ጣቱን አስቀደመ፣
ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እንደሚያልፍ ሁሉ
ሄደ፣ ሄደ፣
ቆመ።
መስመሩ ተቆርጦ ዝቅ ያለበት ላይ፣
እኛ መርከቡ ላይ ሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት ላይ፣
ጥፍሩን ተከለ።
ድምፁን መመጠን ከረሳ ቆይቷል፤ ጎረቤት እስኪሰማ
"ይኼ ድፍን ነው የሚለው!" አለ።

ኖራ ጠየቀኝ በእጁ።
ኖራ ከየት ይምጣ? ጡረታ ከወጣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ!
ተነስቶ ወጣ፤ ከአጥሩ ሥር ነጭ ድንጋይ አንስቶ
አቧራውን በሽርጡ ጠረገ።
ዛጎል ታትሞበታል ድንጋዩ ላይ፣
የጣት ጥፍር የሚያክል፣ ሽንሽኑ ሳይጠፋ።
ልጅ ሳለን በእሱ ሰኞ ማክሰኞ ሠርተናል፣
ግንቡን ቆጥረን ዘለናል፣
አንድም ቀን ከየት መጣህ አላልነውም።
አባቴ በዚያ ድንጋይ
ስንጥቁ ላይ አሰመረ፣ ዳር እስከ ዳር፣
እጁ ሳይንቀጠቀጥ።

መርከቡ ላይ አለቃዬ ወረቀቱን ገልጦ
"ይህ ነጭ ምንድነው?" አለኝ።
አቧራ ነው አልኩት።
የድሬ።