ከልጅ በፊት

ታሊን፣ የወደቡ ቢሮ፤ ባሕሩ በብርድ ረግቷል፤
የሄልቪ ሻይ ተረስቷል።
የፋኖስ ማማዎችን መዝገብ ከአሮጌ ፋይል ስትቀዳ
ሃምሳው እሺ ብሎ አለፈ፤ አንዱ ብቻ ሆነባት ዕዳ።

ኤክስኤስኤልቲ ነገረኛ፤ እንደ በር ዘበኛ ቆሞ
«መለያ ከሆነ» ይላል፣ «ይግባ ከልጅ ቀድሞ፤
ጽሑፍ ከፈሰሰ፣ ልጅ ከተወለደ ኋላ
አልቀበልም ሌላ።»
ማማው ስለ ጥልቀት ማውራት ጀምሮ ነበር
ቀለሙን ሳይናገር።

አንዲቱን መስመር ጎትታ ከጽሑፉ በላይ አኖረች፤
«ቀይ፤ በዐሥር ሰከንድ አንዴ»፤ መብራቷ በራች።

«ጠባቂ» ግን ባዶ ወጣ፣ በሁለት ጥቅስ መሃል፤
ማሽን ከተተከለ ወዲያ እዚያ ማን ያድራል?
ልትሰርዘው ቃጥታ፣ የአባቷ ላምባ ላምባ የሚል ጓንት ትዝ አላት፤ ተወችው።
ባዶም ቢሆን፣ ቦታ አለው።